የልጄ አንቀጽ

በሰፈሩ እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ የለም። ጨርስለት ነው የሚሉኝ። አዲስ ደንበኛ እንኳ እንጨት ቤቴ በር ላይ ቆሞ «ጋሽ ጨርስለት አሉ?» ይላል። ሥራ ቶሎ ስለምጨርስ የወጣልኝ ስም ይመስለዋል፤ ይምሰለው። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን እኔ አውቃለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። የእንግሊዝኛ መምህራችን መጽሐፉን በየተራ ያስነብበን ነበር፤ አንድ ተማሪ አንድ አንቀጽ፣ ከፊተኛው ወንበር እስከ ኋለኛው። በዚህ ያለፈ ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። ከፊትህ ያሉትን ተማሪዎች ትቆጥርና የሚደርስህን አንቀጽ ቀድመህ ታገኘዋለህ። ከዚያ ሌላው ምን እንደሚያነብ ሳትሰማ የራስህን ብቻ በሆድህ ስታመላልስ ትቆያለህ። እኔ ምላሴ የሚያዝ ልጅ ነበርኩ። በሆዴ ግን ጎበዝ ነኝ፤ በሆዱ የሚንተባተብ ሰው የለም። ተራዬ ደርሶ ስነሳ የመጀመሪያው ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረ። ብገፋው አልወጣ አለ። ዓይኔ ፈጠጠ፣ አንገቴ ተገተረ። ያኔ አጠገቤ የተቀመጠው የክፍላችን አንደኛ ቃሉን ቀለብ አድርጎ አለልኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም እየሳቀ «በል እንግዲህ፣ ጨርስለት!» አለው። ጨረሰልኝ። እስከ አንቀጹ መጨረሻ፣ እንደ ውሃ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርስለት ሆንኩ። ጨርስለት የተባለውም ሰውዬ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጥቶ ፒያላ ይዞ አናጢ ሆነ። አንደኛው ግን ተማረ፣ ተመረቀ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ። ይህን በወረቀት የምጽፈው ስለሚመቸኝ ነው። ወረቀት ላይ ማንም አይጨርስልኝም።

አንዲት ልጅ ወለድኩ። ቤት አላወረስኳት፣ መሬት አላወረስኳት፣ ምላሴን አወረስኳት። ሚጣ እያልን ነው ያሳደግናት፤ አሁን እናቷን በቁመት በልጣም ሚጣ ናት። በጽሑፍ የሚፈተነው ትምህርት ሁሉ ይቀናታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ስትል ግን ከእሷ በፊት ያለፉት ልጆች ክረምቱን ሙሉ ሲያስፈራሯት ከረሙ። የመጨረሻው ክፍል እንግሊዝኛ እንደሌላው አይደለም አሏት። ቆሞ ማንበብ አለ፣ ቆሞ መከራከር አለ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ብቻሽን ሰሌዳው ፊት ቆመሽ ንግግር ታደርጊያለሽ፤ አፉን ያልከፈተ ማርክ የለውም። የመምህሩን ስም ስትነግረኝ፣ ያው የክፍላችን አንደኛ ነው፣ እጄ ላይ የነበረው መዶሻ ከበደኝ።

ለሚስቴ ነገርኳት። «ይሄን ሁሉ ትምህርት ቤት ትቶ የኛን ልጅ ፈልጎ መጣ በለኛ!» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ቀልዷን ተወችው።

ሚጣ ከትምህርት ስትመለስ እንጨት ቤቴ ትመጣለች። አንድ ቀን ጣውላ በመጋዝ ማሽኑ እየሰነጠቅኩ ቀና ስል የሰጋቱራው ክምር ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፏን ይዛ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትዘፍን መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። እያነበበች ነው፤ ጮክ ብላ፣ አንድም ቦታ ሳትያዝ። ደንግጬ ማሽኑን አጠፋሁት። ያዛት።

«አ-አ-አብራው!» አለችኝ።

አበራሁት። ለቀቃት።

ምክንያቱን አላውቅም። በዚያ ጩኸት ራሷን ስለማትሰማ ይሆናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ማሽን አጠገብ ቆሜ አንድ ቀን እንኳ አፌን ከፍቼ አልሞከርኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዘግቼው ኖርኩ።

ያ ትምህርት ቤት አንድ ልማድ አለው። ዓመቱ ሲጀመር የመጨረሻውን ክፍል ወላጆች ይጠራና አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ያስቀምጣቸዋል፤ ልጆቻቸውን ምን እንደሚጠብቃቸው በዓይናቸው እንዲያዩ። በዚያ ቀን ተማሪዎቹ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ምንባብ በየተራ ያነባሉ። ሚጣ ወንበሯን ታውቃለች፤ ቆጠረች፣ አንቀጿን አገኘች።

ጽሑፉ ጎርፍ ስለወሰደው ድልድይ ነው አለችኝ። የእሷ ድርሻ አናጢዎቹ ግንድ ተሸክመው ወንዙ ውስጥ የሚገቡበት ነው።

«ምን ዓይነት እንጨት ነው?» አልኳት።

«አ-አይልም።»

«እንጨቱን ሳይናገር ድልድይ የሚሠራ ጸሐፊ! በልምጭ ሠርተውት ይሆናላ። ዘንድሮም ይወስድባቸዋል።»

ሳቀች። ስትስቅ አትያዝም። እኔም ከእሷና ከእናቷ ጋር ሳወራ አልያዝም፤ ሰው ፊት ስቆም ነው።

እንዲህ አደረግን። ማሽኑን አበራላታለሁ፣ ማንበብ ትጀምራለች፣ መሀል ላይ አጠፋዋለሁ። ማሽን ሲጠፋ ምላጩ ወዲያው አይቆምም፤ እያቃሰተ፣ እየደከመ ነው የሚቆመው። እሷ በዚያ ድምፅ ጫፍ ተንጠልጥላ ትቀጥላለች። መጀመሪያ ምላጩ ሲቆም አብራ ትቆም ነበር። ቆይታ ከጸጥታው ሁለት ሦስት ቃል መስረቅ ለመደች። ከዚያ አንድ መስመር። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ አንቀጹን ግን በዜማው ለመድኩት። የት ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ ግንዱ የት ውሃ እንደሚነካ አውቃለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ጭራሽ ሳላበራ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሁለት ቦታ ተደናቀፈች፣ ግን ተነስታ ቀጠለች።

ከአጥሩ ወዲያ የሚሠራው ጎረቤቴ፣ ብየዳ የምንለው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ብቅ አለ። «ጨርስለት፣ ሬዲዮ ገዛህ እንዴ?»

በዚያ ስም ስጠራ ያልከፋኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ለወላጆቹ ቀን እናቷ እንድትሄድ ነበር የፈለግሁት። ሰውዬውን ማየት አልፈለግሁማ። ሚጣ ግን «አ-አንተ ና» አለች።

«እናትሽ አለችልሽ አይደል? እሷ መናገርም ታውቅበታለች።»

«አባዬ፣ አንተ ካ-ካለህ ማሽኑ ያለ ይመስለኛል።»

ሰጋቱራዬን አራግፌ የሰርጌን ኮት ለበስኩ። ሚስቴ ኮሌታዬን እያስተካከለች «ሙሽራው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታገባብኝ ነው?» አለች።

ክፍሉ ትልቅ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ዴስኮቹ ግን የማንም ሥራ ናቸው፤ ሚስማሩ ብቅ ብቅ ብሏል። ከዓመታት በፊት ሥራውን እኔ ጠይቄ ነበር። ቃለ መጠይቅ አለው አሉኝና ቀረሁ። ይሄም ይቆጠርልኝ።

መምህሩ ወፍሯል፤ ጠጉሩም ሸሽቶታል። ዓይኑ ወላጆቹን ሲያልፍ እኔ ላይ ትንሽ ቆም አለ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ጀመረ። ዓመቱ ምን እንደሚመስል ዘረዘረልን፤ ንባቡን፣ ክርክሩን፣ ድርሰቱን፣ የመጨረሻውን ንግግር። «እዚህ ክፍል ማንም ተደብቆ አያልፍም» አለ። «ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይናገራል። እየተሳሳቱ ነው የሚማሩት።» እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ንባቡ ተጀመረ። ሚጣ በመስኮቱ በኩል ናት። እኔም እንደ ልጅነቴ እቆጥር ጀመር። አንዱ ጨረሰ፣ ሌላዋ ተነሳች። ሚጣ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ከፊቷ ያለችው ልጅ አንብባ ተቀመጠች። ሚጣ እጇን ዴስኩ ላይ አስደግፋ ብድግ ማለት ጀመረች።

መምህሩ ከመጽሐፉ ቀና ሳይል «አንተ፣ ከኋላዋ ያለኸው» አለ።

ልጁ ግራ ገባው። «ተራው የሷ ነው፣ ቲቸር።»

«አውቃለሁ። አንተ አንብብ።»

ሚጣ ግማሽ ቆማ ግማሽ ተቀምጣ ቀረች። ልጁ አነበበ። የልጄን አንቀጽ አነበበው። ትንፋሽ የሚወሰድበትን አልወሰደም፤ ግንዱ ውሃ የሚነካበትን ሮጦበት አለፈ። እግሬ መቼ እንዳነሳኝ አላውቅም፣ ቆሜያለሁ። ተራዋ ነው ልል ነበር። ሌላ ምንም አይደለም።

«ተ... ተ... ተ...»

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ዓይኔ ፈጠጠ፣ አንገቴ ተገተረ፤ ያው እንደያኔው። አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሌሎቹ ተከተሏት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ይቀመጡ አባት፣ ይቀመጡ» አለ መምህሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ተራዋ ነው ሊሉ ነው፤ ገብቶኛል።»

ጨረሰልኝ። በስንት ዓመቱ ዳግመኛ ጨረሰልኝ። ክፍሉም ዳግመኛ በሳቅ ፈረሰ። ሚጣ እኔን እያየች ነበር። ሳቁን አልሰማችውም እንዳልል ሰምታለች። ከዚያ ዞር አለችና ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ደረሰብኝ። እናትና አባቴ ባወጡልኝ ስም ጠራኝ፤ እሱ ብቻ እንዴት አልረሳውም?

«አውቄሃለሁ እኮ» አለኝ። «ልጅህ መሆኗን ስሟን እንዳየሁ ነው ያወቅሁት፤ ምላሷ እንደሚያዝም ነግረውኛል። ያኔ ያደረግሁብህን... ሰው የሚገባው ሲያድግ ነው። እሷ ላይ እንዳይደገም ብዬ ነው የዘለልኳት። ማርኳን በጽሑፍ እሰጣታለሁ፣ አታስብ።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን የምጽፈው ላመሰግነው አይደለም፣ ስላየሁ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከአፌ ያልወጣው መልሴ ይኸውና፦ ሰውዬ፣ ልጄ ልታነበው ነበር። ስትወድቅ ሳታይ ነው ያዘንክላት። ስትስቅብኝ አንድ ሰው ነው የጎዳኸው፤ ስታዝንልኝ ግን ሁለት።

በማግስቱ ሚስቴ ሄዳ ሁሉንም ነገረችው። የእሷ ምላስ መጋዝ ነው፣ አይያዝም። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሰማት አሉ። በሚቀጥለው ንባብ የሚጣን ስም ጠራ። ራሷን ነቀነቀች። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጠራት፤ አሁንም እንቢ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሞክሪ እባክሽ» ሁሉ ብሏታል። ኋላ መጥራቱን ተወ።

«ሚጣዬ፣ ለምን?» አልኳት። «ችለሽው አልነበረም ወይ?»

የመጽሐፏን ጥግ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። የያዛት መስሎኝ ጠበቅሁ። አልያዛትም፤ እያሰበች ነበር።

«አባዬ» አለች፣ «ት-ትልቅ ሰው ሆነህም አይ-አይለቅም እንዴ?»

ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁና ያለቀለትን የወንበር እግር ደግሜ አሸሁት።

አሁን ልጆቹ ሲቆጥሩ እሷን እየዘለሉ ነው የሚቆጥሩት። እሷው ነገረችኝ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም፤ ከፊቷ ያለችው ስታበቃ ከኋላዋ ያለው ይቀጥላል፣ አንቀጹም በመሀል አይቀርም። ፈተናውን በወረቀት ታልፋለች፤ በዚያ አልሰጋም። ሰሌዳው ፊት የሚቆምበት ቀን ሲመጣ ቤት እንደምትውል ከወዲሁ ነግራኛለች።

እንጨት ቤቴ መምጣቱን ግን አልተወችም። ሰጋቱራው ላይ ትቀመጥና መጽሐፏን ከፍታ ታየኛለች። ማሽኑን አበራላታለሁ። ታነባለች። አንድ ሁለቴ እንደ ድሮው መሀል ላይ አጥፍቼው ነበር፤ ምላጩ ገና ማቃሰት ሲጀምር መጽሐፉን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። ስለዚህ አላጠፋውም። ጣውላው አልቆ፣ ሥራው ተጠናቆ፣ ማሽኑ ባዶውን ይሽከረከራል።

ትናንት ብየዳ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ «ጨርስለት፣ አየር ነው እንዴ የምትሰነጥቀው?» ብሎ ጮኸ።

እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ ከንፈሯን አያለሁ። ያቺን የድልድይ አንቀጽ ስታነብ በከንፈሯ አውቃታለሁ። ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አናጢዎቹ ግንዱን ይሸከማሉ፣ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። አንድም ቦታ አትያዝም።

ድምጿን ግን አልሰማም።