ከካፒቴኑ ጋር ያስታረቁኝ ዕለት

እናቴ ይርገዱ የዳባት ሰው ናት፤ ያየችውን እንጂ የተነገራትን አታምንም። አውሮፕላን በላይዋ ሲያልፍ ባየች ቁጥር ታማትባለች፤ ለራሷ ፈርታ ሳይሆን ለተሳፋሪዎቹ አዝና ነው። እኔ ልጇ ፋንታሁን ደግሞ አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ቴክኒሻን ነኝ። ያረፈውን አውሮፕላን ተመልሶ ከመነሳቱ በፊት ዞሬ የምመረምረው እኔ ነኝ። እንጀራዬ ከዚያ መሆኑን እያወቀች ማማተቧን አልተወችም።

እህቴ ፋሲካ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደረሰ። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ ሲወለድ እናት አጠገብ ካልተገኘች ነገሩ የጎረቤት መነጋገሪያ ነው። የአውቶቡሱን መንገድ ወገቧ አይችለውም። ስለዚህ እኔና ፋሲካ ለመንናት፣ የንስሐ አባቷን ልከን አስለመንናት፤ በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

"አንተ በእጅህ የነካኸው ከሆነ እሳፈራለሁ። ሌላ ሰው የነካውን ግን በመድኃኔዓለም አልሳፈርም።"

እኔም ሌላ ሰው እንደማይነካው ማልኩላት።

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት ማራኪ ሰፈር ካለው የኪራይ ቤቴ በባጃጅ ይዣት መጣሁ። የአራስ ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄት፣ አንድ ጆንያ ሊሞላ ምንም ያልቀረው በሶ ይዛለች። ፈታሾቹ "ይህ ሁሉ ምንድን ነው እማማ?" ቢሏት "የአራስ ነው" አለች። እነሱም ከእናት የተወለዱ ናቸውና ሳቁና አሳለፏት። መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ሜዳውን ከሚያሳየው መስታወት አጠገብ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች፤ እኔን ልትቆጣጠር መሆኑ ነው።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ። እንደ ልማዴ ጎማውን፣ ክንፉን፣ ፕሮፔለሩን እያየሁ ዞርኩ። የግራ ሞተር ክዳን ሥር አንዲት የዘይት ጠብታ አገኘሁ። ጠብታዋ ቁም ነገር የላትም፤ ግን ክዳኑን አስከፈተችኝ። የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዤ አንገቴን አስገባሁ።

የሞተር ሽቦዎች እንደ ጭራሮ በአንድነት ታስረው ነው የሚሄዱት። ክላምፕ የምንለው ላስቲክ የለበሰ ማቀፊያ በየቦታው ይዟቸው ከሌላ ነገር እንዳይነካኩ ያደርጋል። የአንዱ ክላምፕ ላስቲክ አልቆ፣ ብረቱ ሽቦውን ሲፈትገው ከርሟል። የሽቦው ልባስ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ከሱ አንድ ጣት ያህል እልፍ ብሎ የነዳጅ ቱቦ ያልፋል። እዚያ ቦታ ሽቦው አንዴ ብልጭ ቢል፣ ቱቦውም ያን ሰዓት ትንሽ ቢያልበው፣ እሳት ነው። ምናልባት ለወራት ምንም አይሆንም ነበር፤ ምናልባትም በዚያው ቀን ይሆን ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስመረምር ጭረት ያላገኘሁበት ሞተር እናቴ በምትሳፈርበት ቀን ይላጣል? ሽቦውን ሰደብኩት። ክላምፑንም አልማርኩትም።

ካፒቴን ኢዮስያስ ወርዶ አየው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ነገር የማያከር።

"አይሄድም?" አለኝ።

"አይሄድም። ሽቦውን እቀጥለዋለሁ፤ ክላምፑ ግን እዚህ የለም። ከሰዓት በኋላ በሚመጣው በረራ ይላኩልን።"

"አይሄድም ካልክ አይሄድም" አለና ስልኩን አወጣ። ጄኔሬተሩ አጠገባችን ስለሚያጓራ እየጮህንና እጃችንን እያወናጨፍን ነበር የምናወራው። ይህን ሁሉ አዳራሽ ያለው ተሳፋሪ በመስታወቱ ይመለከታል።

ለእናቴ በራሴ አንደበት ልነግራት ስገባ ቆማ አገኘኋት። ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

"ስማቸው ደውሎ ነበር" አለች። ስማቸው የፋሲካ ባል ነው። "ምጥ ጀምሯታል። አሁን ነው የምንነሣው?"

ነገርኳት።

"ምነው ልጄ፣ ለአንዲት ሽቦ? በፕላስተር ጠቅለል አድርገህ አትሰደንም?"

"አይሆንም እማዬ።"

"ለእኔ ስትል?"

"ለአንቺ ስልማ አይሆንም።"

ፊቷን አዞረችብኝ። እናቴ ተቆጥታኝ ታውቃለች፣ በልምጭም ገርፋኝ ታውቃለች፤ ፊቷን አዙራብኝ ግን አታውቅም። ወደ ሞተሩ ተመልሼ ሽቦውን ቆርጬ መቀጠል ጀመርኩ።

ብዙም ሳልቆይ ጥበቃው እየሳቀ መጣ። "ሽማግሎች ይፈልጉሃል" አለኝ።

ገባሁ። ሦስት ሽማግሎች ከተሳፋሪው ተመርጠው ተደርድረዋል። መሪያቸው አያ አድማሴ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጢም፣ ዕርቅ የለመደ አንደበት።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሥራ ላይ መጋጨት ያለ ነው። ከካፒቴኑ ጋር ስትጯጯሁ አይተናል። በምን እንደ ተጣላችሁ አንጠይቅም፤ ሰይጣን መሀላችሁ ገብቶ ነው። በእናንተ ጠብ ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ ለምን ይጉላላል?"

"አያ አድማሴ፣ አልተጣላንም። የሞተር ሽቦ ተልጦ ነው።"

"ግድ የለም፣ ሽቦውን ተወው። የተቀየመ ሰው ምክንያት አያጣም።"

ካፒቴኑንም አስጠርተውት ኖሮ ገባ። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። አዳራሹ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይምጣ? አያ አድማሴ ዙሪያውን አዩና የራሱን የካፒቴኑን ቦርሳ አንሥተው አንገቱ ላይ አደረጉለት። ኢዮስያስ አንድ ጊዜ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ያን ሁሉ ማዕረግ ትከሻው ላይ እንደ ደረደረ እግሬ ሥር ተንበረከከ።

"ይቅር በለኝ ወንድሜ" አለ። ሳቁን አፍኖ ጆሮው ቀልቷል።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ተሳሳምን፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ የእጄ ቅባት ታተመ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ አያ አድማሴ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ "እንነሣ!"

"አያ አድማሴ፣ እኛ ታርቀናል፤ ሽቦው ግን ገና ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም? ትንሽ ይታገሡ።"

ሽማግሌው ከልባቸው ተቆጡ። "ዕርቅ አፍራሽ!" አሉኝ። ከኋላቸው ያለው ሰውም ማጉረምረም ጀመረ። ይህን ጊዜ እናቴ ከወንበሯ ተነሣች።

"አያ አድማሴ፣ ይተውት" አለች። "እኔ እናቱ ነኝ። ሴት ልጄ ምጥ ላይ ናት። ለምኜው እንኳ እምቢ ብሎኛል። እኔን እምቢ ያለ እናንተን እሺ ሊል ነው?"

እየተከላከለችልኝ ይሁን እየከሰሰችኝ አልገባኝም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ እኔንም አላየችኝም።

ክላምፑ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሽቦውን በአዲስ ልባስ ሸፈንኩት፣ ከቱቦው አርቄ አሰርኩት፣ በመሣሪያ ለካሁት፤ ሞተሩን አስነሥተን አየነው። ሸጋ ሆኖ ሠራ። ክዳኑን እየዘጋሁ ሳለሁ ከአዳራሹ እልልታ ሰማሁ። ድምፁን ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ፤ የእናቴ ነው። ፋሲካ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ።

ደስታዬ ገና ሳይረጋ ሐሳብ ገባኝ። አሁን እንግዲህ የሚያስቸኩላት ነገር የለም። ለምጡ አልደረሰች፤ ሞተሩም ተከፍቶ ሆዱን አይታዋለች። ቅቤውን ለሰው አደራ ሰጥታ ወደ ዳባት ትመለሳለች ብዬ ቆረጥኩ። ሁለት ነጋዴዎች እንኳ "ይቅርብን" ብለው ወደ ከተማ ተመልሰዋል።

መሳፈሪያው ተከፈተ። አያ አድማሴ ሰልፉ መሀል ሆነው "ባናስታርቃቸው ኖሮ እዚሁ አድረን ነበር" እያሉ ያስረዳሉ። ከሁሉ ፊት ነጠላዋን አጥብቃ፣ ቅቤዋን አቅፋ የምትመጣው እናቴ ናት። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመችና የቆሸሸ እጄን ያዘች።

"አዲስ አበባ ያለውን አውሮፕላን የሚያየው ማን ነው?" አለችኝ።

"እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸው።"

"እናታቸው ስትለምናቸው እምቢ የሚሉ?"

"አዎ እማዬ" አልኩ፣ "እምቢ የሚሉ።"

"እንግዲያ ስመለስም በአውሮፕላን ነው የምመጣው" አለችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች።