የፉሲ ይቅርታ

በሆስፒታሉ ሲስተር ሉሴ የአሥር ወሩን ሕፃን የሞሴሴን ዳይፐር መፍታት ስትጀምር አባቱ ሶሳያ ብድግ ብሎ ወጣ። ማንም ለምን ወጣህ አላለውም። ታላቅ እህቱ ፉሲ ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ በደሴታቸው ደንብ ወንድምና እህት አንድ ላይ ባሉበት ስለ ገላ አይወራም፤ ቢወራ የሚወጣው ወንዱ ነው። እናም እንደ ጨዋ ሰው ወጥቶ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቆመ። የመስኮቱ መስታወቶች ግን ለንፋስ ተከፍተው ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ይሰማዋል።

«ቀዳዳው ጫፉ ላይ አይደለም፤ ከሥር ነው፤ እዚህ ጋ» አለች ሉሴ። «ለዚህ ነው ሽንቱ እግሩ ላይ የሚፈሰው። አይታችሁ ከሆነ ጎበጥም ብሏል። በዚህ ዕድሜ ከተሠራ ራሱም አያስታውሰው። ሰኞ ሐኪሞቹ ከኒውዚላንድ ይገባሉ፤ ሐሙስ ማታ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ስሙን እጽፈዋለሁ። አደራ ብቻ፣ ማንም እንዳይገርዘው። ሐኪሙ አዲሱን መንገድ የሚሠራው ከዚያች ቆዳ ነው።»

ሶሳያ ከዛፉ ግንድ ላይ ቅርፊት በጥፍሩ ይልጥ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ወደብ ላይ ከሚሠሩት መካከል በግድግዳ ጥግ ቆሞ የማይሸና እሱ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ በር ያለው ቦታ ይፈልጋል፤ ገብቶም እንደ ሴት ይቀመጣል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሲኒቫ ብቻ ናት ብሎ ያምናል። በተጋቡ ሰሞን አይታ ምንም አላለችም፤ ትንሽ ቆይታ «ያማል?» ብላ ጠየቀችው፤ አያምም ሲላት ተኛች። ለዚያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያመሰግናታል።

ፉሲ መጀመሪያ ወጣች። ሲኒቫ ልጁን አቅፋ ተከተለቻት።

«የማንም ስም አይጻፍም» አለች ፉሲ፤ ወንድሟን ሳይሆን ሚስቱን እያየች። «ልጅ እንዲህ ሆኖ የሚወለደው የአባቱ እህት ስትናቅ ነው። በእናቴ ለቅሶ ቀን ሆድሽን ገፍተሽ መጥተሽ እኔ ሳልቀመጥ ሰሌኑ ላይ ተዘረጋሽ።»

«እግሬ አብጦ ነበር፣ እትዬ ፉሲ።»

«ያንቺ እግር አበጠ፣ የኛ ልጅ ተጎዳ። እሑድ ዘመድ በተሰበሰበበት ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ። ስለ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

በደንቡ የወንድሟ ልጆች የፉሲ ናቸው፤ ሞሴሴ የሚለውን ስም ያወጣችውም እሷ ናት። ሲኒቫ የመጣችው መርከብ ሁለት ቀን ከሚሄድባት ደሴት ነው፤ እዚህ አንድም ዘመድ የላትም።

ቤት ሲገቡ ልጁን ምንጣፉ ላይ አስተኛችውና ባሏ ፊት ቆመች።

«ከየት እንደመጣ ታውቃለህ።»

«የአንድ ሰዓት ነገር ነው ሲኒቫ። ተንበርክከሽ ትነሻለሽ።»

«ለሷ ንገራት አላልኩህም። ለሉሴ ንገራት። ለአጎትህ ንገረው፣ እሱ ለእህትህ ያድርስ።»

«አጎቴ ካቫ ሲጠጣ ምላሱን መያዝ አይችልም። ወደቡ ሁሉ ይሰማል።»

«ልጁስ?»

«ልጁማ ይሠራለታል። ተንበርከኪና ይሠራለታል።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሬት ውስጥ የተቀበረው ምድጃ ተከፍቶ ጎደሬ የሚመስለው ታሮና አሳማ ወጣ። ዘመድ ሁሉ በፉሲ ግቢ ዙሪያውን ተቀመጠ። ሲኒቫ ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው ፀጉሯን ፈትታ፣ ወገቧ ላይ የተቦጫጨቀ አሮጌ ሰሌን ታጥቃ መጣችና ከፉሲ እግር ሥር አንገቷን ደፍታ ተንበረከከች። ፉሲ የያዘችውን የጎድን አጥንት ግጣ እስክትጨርስ ቀና ብላ አላየቻትም። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ መጠጠች።

«ምን አጠፋሽ?»

«ሰሌኑ ላይ ቀድሜ ተቀመጥኩ።»

«አይሰማኝም።»

«ሰሌኑ ላይ ቀድሜ ተቀመጥኩ።»

«አትፍረዱባት» አለች አንዷ አክስት ታሮ እያላመጠች። «እነሱ አገር ሰሌን የለም፤ ስታየው ጊዜ ደንግጣ ነው የወደቀችበት።» ግቢው ሳቀ። ሶሳያም ሰው ሲስቅ ፊቱ አብሮ እንደተፈታ ተሰማውና ቶሎ አጎነበሰ።

«የልጅሽ ጉዳት የማን ጥፋት ነው?»

ሲኒቫ አንገቷን ሳታነሳ ዓይኗን ብቻ ወደ ባሏ አዞረች። ወሬው ወደ ልጁ ገላ እየሄደ ነበርና ሶሳያ ምግቡን አስቀምጦ፣ ሰሌኑን አስተካክሎ፣ እንደ ደንቡ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት፤ እህቱን የሚያከብር ሰው ደስ ይላቸዋል። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሚስቱን ድምፅ ሰማ፤ «የኔ» አለች።

ፉሲ ይቅር አለቻት። ወዲያው ልጁን ከአንዷ አክስት ጭን አንስታ አቀፈችው።

«እንግዲህ ጥፋቱ ከተፈታ ቢላዋ ምን ይሠራል? ቀስ እያለ ይድናል። ሐኪሞቹ እስኪሄዱ እኔ ጋ ይቆይ።»

በዚያ ቀን ሲኒቫ ከባሏ ጋር የተነጋገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያንተ በሠላሳ ሦስት ዓመት ያልዳነው የሱ በአንድ እሑድ ዳነ?» አለችው።

ሰኞና ማክሰኞ ከፉሲ አጥር ውጭ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ልጁ ሲያለቅስ ጡቷ እየፈሰሰ ልብሷን ያርሰው ነበር። ሶሳያ ከሥራ ሲመለስ በሌላኛው መንገድ ይዞራል።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ግን ሲስተር ሉሴ በሆስፒታሉ መኪና ወደቡ ድረስ መጥታ አሳፈረችውና ወደ ፉሲ ግቢ ወሰደችው። ፉሲ በረንዳው ላይ ሞሴሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሲኒቫ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ሉሴ ሶሳያን ከበሩ ውጭ አቁማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ነገ ጠዋት አንድ ቦታ አለ። እናቱ ፈርማለች፤ ግን ልጁን ከሴትዮዋ እጅ መንጠቅ አልችልም። አንተ አባትየው ስጡ ካልክ ትሰጣለች። ደግሞ ሐኪሙ የሚጠይቀው ነገር አለ። በናንተ ወገን እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሰው ነበር?»

«የለም» አለ ሶሳያ።

«በደንብ አስብ። ወረቀቱን ከመኪና ላምጣ።»

ሉሴ እንደሄደች ሲኒቫ ወደ በረንዳው ዞረች። አልጮኸችም።

«እትዬ ፉሲ፣ ልጁ የወጣው በአባቱ ነው። ወንድምዎም እንዲሁ ነው።»

ሶሳያ እህቱ ተነስታ እንድትገባ ወይም መሬቱ እንዲውጠው ጠበቀ። ፉሲ ግን አልተነሳችም። የልጁን ፀጉር እየደባበሰች፣ ወንድሟ የሌለ ይመስል ለሲኒቫ ብቻ ተናገረች።

«እናታችን ገበያ ስትውል ማን ያጥበው የነበረ ይመስልሻል? እኩዮቹ የተገረዙ ጊዜስ ታሞ ነው ብሎ አያቱ ጋ ማን የላከው? እኔ ነኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሸፍኜዋለሁ። ሐኪም ልጁን ከቀደደው ሰው ሁሉ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። አሁን ግን የሚጠይቅ የለም። እሑድ ራስሽ ነግረሻቸዋል።»

«እያወቁ ነው ያንበረከኩኝ?»

«አንቺ እኮ ለዚህ ነው የመጣሽው። የሚስት ጉልበት ለምን ይመስልሻል?»

ሶሳያ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲላላ ተሰማው። መጀመሪያ ፍርሃት መስሎት ነበር፤ አልነበረም። አብሮት የኖረውን ሸክም ሌላ ሰው አብሮት ሲሸከም እንደኖረ ገና አሁን ማወቁ ነበር። ዓይኑ በእንባ ሞላ። እህቱን ቀና ብሎ ማየት ክልክል ባይሆን ኖሮ ያያት ነበር።

ሉሴ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። ልጁ በጣቱ የፉሲን አፍ ይነካካል።

«እሺ፣ ምን ልጻፍ?»

«በእኛ ወገን የለም» አለ ሶሳያ፤ ድምፁ የጠራ ነበር። «ምናልባት በእናቱ በኩል። ስሙንም ሰርዢው። እህቴ አይሆንም ብላለች።»

ሉሴ ሲኒቫን አየቻት። ሲኒቫ ልብሷ ላይ የፈሰሰውን ወተት በመዳፏ ጠረገችና ያን መዳፏን የባሏ ፊት ላይ አበሰችው፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታጥብ። ከዚያ ተመልሳ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች።

ሉሴ ስሙን ሰርዛ ከሥሩ የሌላ ልጅ ስም ጻፈች።