ቅቤው እስኪጠቁር

ገና ነው፣ አረፋው ይውጣ፣ አረፋው ከወጣ በኋላ ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ነው መፍራት፣ አይ መፍራት አይደለም፣ መጠበቅ፣ ማዳም እንዲያ ነበር የምትለኝ፣ ቤይሩት፣ ያ ነጭ ወጥ ቤት፣ ጠብቂ አሪፋ፣ ለብስኩት ሲሆን የተቆላ ለውዝ እስኪሸትሽ ጠብቂ፣ እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ጠቆር ሲልብኝ ብድግ አድርጌ አወረድኩት፣ አረረ ማዳም፣ አረረ፣ እየሳቀች መልሳ ጣደችው። ለእኛ ቅቤ ጠቆረ ማለት ሞያ ጠፋ ማለት ነው፣ እሷ ይሄን በምን ታውቀዋለች። አሁንም ጎረቤት ቢያየኝ አረብ አገር ደርሳ የመጣችው ቅቤ ታሳርራለች ብሎ ሙድ ይይዝብኛል፣ ይያዝ አቦ።

ቅቤው የደብረ ሲና ነው፣ ጠዋት በሚኒባስ ወርዶ ሸዋሮቢት ሲደርስ ቀለጠ፣ እዚህ የማይቀልጥ ምን አለ፣ ቸኮሌቱንም ከሱቅ ያመጣሁት ጭቃ ሆኖ ነው፣ ነዒማ ጎረቤቴ ፍሪጇ ውስጥ አሳድራልኝ ነው በቢላ የከታተፍኩት። ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ሁሉ ተሰናድቷል። በካርጎ ያስመጣኋት ትንሿ ኦቭንም እየሞቀች ነው፣ መብራት ካልሄደ።

ደፉ ላይ ልጄ ተቀምጣለች። ልጄ። አፌን ይከብደዋል። ናጅዋ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጥያት ስሄድ ጡት ከተወች ገና ወሯ ነበር፣ ያሳደገቻት እህቴ ዓይሻ ናት፣ እማ የምትለውም ዓይሻን ነው፣ እኔን እትዬ ትለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች፣ ልግባ እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎ እትዬ፣ የጤና ጣቢያዋን ሲስተር የምታናግር ነው የምትመስለው። ከዒድ በኋላ ዓይሻ ባሏን ተከትላ ካራቆሬ ልትገባ ነው፣ ትናንት ቁርጡን ነገረችኝ፣ አሪፋ እህቴ፣ ልጅቷን አልነጥቅሽም፣ አስገድጄም አልሰጥሽም፣ ከማን ጋር እንደምትሆን ራሷ ትናገር፣ ነገ አንቺ ጋ ትዋል። እንግዲህ ዛሬ ነው። ለሚመለከተው ሁሉ፣ ጉዳዩ፣ እናትነትን ስለማስመለስ፣ አንድ ትሪ ብስኩት ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ቀርቧል። ሳቂ አሪፋ፣ ሌላ ምን ቀረሽ።

ጃድ ቢሆን እስካሁን በርጩማ ላይ ቆሞ ጣቱን ሊጡ ውስጥ ከትቶ ነበር። ጃድ፣ የማዳም ልጅ፣ ከአራስነቱ ጀምሮ በእጄ ያደገ፣ ቅቤው መሽተት ሲጀምር ከየትም ይሁን ከየት እየሮጠ መጥቶ ቀሚሴን ይይዛል፣ ፉፋ፣ ፉፋ፣ አሪፋ ማለት አቅቶት። ፈረንሳይ ገቡ፣ ስልኩም ተቀየረ፣ አለቀ። ይናፍቀኛል። ወላሂ ይናፍቀኛል፣ ያ አላህ አውፍ በለኝ፣ ልጄ ደፍ ላይ ተቀምጣ እኔ የሰው ልጅ እናፍቃለሁ፣ ይሄ ለማን ይነገራል፣ ደግሞስ ብስኩቱን የመረጥኩት እሷ ትወደዋለች ብዬ ነው ወይስ እሱ ይወደው ስለነበር፣ ናጅዋ ምን እንደምትወድ አላውቅም እኮ፣ ሙዝ ትወዳለች? እንቁላል ትጠላለች? ዓይሻን መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ።

አረፋው ወጣ።

ውሃ መጣች! ኧረ ውሃ መጣች! ነዒማ ናት ከአጥር ወዲያ፣ ቧንቧው ስንት ቀን ደርቆ ከርሞ አሁን፣ ልክ አሁን፣ ጀሪካኑ የት አባቱ፣ ቢጫው፣ እሮጣለሁ፣ ናጅዋን ዘልዬ አልፋለሁ፣ ቧንቧው አየር ይተፋል፣ መጀመሪያ ቀይ ውሃ፣ ይጥራ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጀሪካኑን እደቅናለሁ፣

እማ! እማ ቅቤው! ቅቤው አረረብሽ!

እዞራለሁ። ማንን ነው? ዓይሻ መጣች እንዴ፣ የለችም፣ ግቢው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔና ቢጫ ጀሪካን። እማ አለችኝ። ወይስ አፏ ለምዶባት ነው፣ ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ነው የሚጠራው፣ እኔም ቤይሩት ዘይት ሲያቃጥለኝ እማዬ ብያለሁ፣ እናቴ ከሞተች ስንት ጊዜዋ። ግን ወደ እኔ ነው እኮ የጮኸችው። ወደ ቧንቧው ነው።

እገባለሁ፣ መጥበሻውን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ከከሰሉ ላይ አውርዳዋለች፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሽታው ግን ምንድነው፣ ኮሰረት! ከመደርደሪያው የቅቤ ቅመሙን አንስታ ነስንሳበታለች፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ አጠፋሁ እትዬ? ሊያር ሲል አወረድኩትና ቅመሙን ጨመርኩበት፣ እማ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

እትዬ። ተመለስን። እማ ደግሞ ዓይሻ።

ልናደድ ነበር፣ የብስኩቱ ነገር አበቃለት፣ ግን እጇን አያለሁ፣ የቀሚሷን ጫፍ ገና አልለቀቀም፣ አረረ ማዳም አረረ፣ ያ የእኔ ድንጋጤ ነው፣ እኔንና ዓይሻን አንድ እናት ናት ያስተማረችን፣ ዓይሻ ደግሞ ለሷ፣ ጃድ ይሄን ድንጋጤ በዓይኑም አላየው፣ ለሱ የጠቆረ ቅቤ ብስኩት ደረሰ ማለት ነው።

አላጠፋሽም፣ እላታለሁ፣ ይሄ ለወጥ ይሆነናል፣ ለብስኩቱ ሌላ እንጥዳለን። አዲሱን ቅቤ እጥዳለሁ። መጥቆር እንዳለበት ግን አልነግራትም። እዚሁ ሁኚና እዪልኝ፣ እኔ ውሃውን ልይ። እሺ እትዬ።

ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ አልዘጋውም፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆሜያለሁ። አሁን አረፋው ወጥቷል፣ አሁን ዝም ብሏል፣ ሽታው ግቢ ድረስ መጣ፣ የተቆላ ለውዝ፣ ከሽታው ጋር የሚሮጥ እግር የለም፣ ቀሚሴን የሚይዝ የለም፣ ይቅር፣ ደህና ይሁን ባለበት፣ ጠቁሯል፣ ካልወረደ ያራል፣ አሪፋ ውሃው ፈሰሰ እኮ፣ ነዒማ ናት፣ ይፍሰስ፣ ዝም በይ ነዒማ፣ ጆሮዬ ሌላ ነገር እየጠበቀ ነው፣ ይረር፣ የደብረ ሲና ቅቤ ሁሉ ይረር፣ ጥሪኝ፣ ለምዶብሽም ይሁን፣ ተሳስተሽም ይሁን፣ አንዴ ብቻ፣ እስክትጠሪኝ አልዞርም፣