ያልተወሰዱት ፎቶዎች

ግልፍተኛ መሆኔን አዳማ ውስጥ ፎቶ የተነሳ ሁሉ ያውቃል። አገጭህን ቀና አድርግ፣ አትሳቅ፣ አትንቀሳቀስ አልኩህ እያልኩ ከአርባ ዓመት በላይ ሰው አንስቻለሁ። ከቆቃ፣ ከደራ፣ ከቡልቡላ የመጣ ወንድ ሁሉ የተነሳው የእኔን አንድ ጥቁር ኮት ለብሶ ነው። ኮት የሌለው እንዳያፍር ብዬ መስታወቱ አጠገብ ሰቅዬው ነበር። የቀጠነውም የወፈረውም ለበሰው። ኔጋቲቮቹን ደግሞ አንድ በአንድ ፖስታ ውስጥ እከትና ላዩ ላይ ስም፣ አገርና ቀን ጽፌ በቆርቆሮ ሳጥን አስቀምጣለሁ።

ልጄ ሃዊ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ስካነር ተሸክማ መጣችና ኔጋቲቮቹን ሁሉ ክላውድ ላይ እናስቀምጣቸው አለችኝ። ምንድን ነው እሱ ስላት፣ ፎቶዎቹ በኢንተርኔት ሄደው ሩቅ አገር ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ እንደሚቀመጡ፣ ሱቁ ቢቃጠል እንኳ እንደማይጠፉ፣ ሊንኩን የላክንለት ሰውም ባለበት ሆኖ በስልኩ እንደሚያያቸው አስረዳችኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬ ተረትኩባት። እሷ ግን እናቷን ነው የወጣችው፤ ሰው ሲቆጣ ዝም ብላ ሥራዋን ትሠራለች። በየቅዳሜው እየመጣች ሳጥኖቹን ጨረሰቻቸው። የየከተማውን ሰው ለየብቻ አድርጋ ሊንኩን በቴሌግራም ስትበትነው፣ የአያቴን መልክ አገኘሁ፣ የወንድሜን አገኘሁ የሚል ስልክ ይጎርፍልኝ ጀመር።

አንድ ሳጥን ብቻ ከለከልኳት። ተነስተው ፎቷቸውን ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎች ሳጥን ነው። እውነቱን ልናገርና ቂም ይዤባቸው ነበር። ሥራዬን ንቀው የቀሩ ይመስለኝ ነበር። ሃዊ ይህንንም ላስገባው ስትለኝ፣ ራሳቸው ያልፈለጉትን ፊታቸውን እኛን ምን አስጨነቀን፣ እንዳትነኪው አልኳት።

አምና ክረምት ከተራራው የወረደ ጎርፍ ሱቄ ገባ። ጠዋት ስከፍት ሳጥኖቹ ጭቃ ውስጥ ተኝተዋል። ኔጋቲቮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ላላቅቃቸው ስሞክር ምስሉ እየተላጠ እጄ ላይ ቀረ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሃዊ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን ከፍታ ሰዎቼን አሳየችኝ። ሁሉም አሉ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው ብዬ ጌታን አመሰገንኩ። ያልተወሰዱትን ሳጥን ግን ራሴ አውጥቼ ከጭቃው ጋር ጣልኩት።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሶረቲ የምትባል ሴት ከቡልቡላ መጣች። ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ገርባ ቱሉ ቆቃ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ጀልባው ተገልብጦ ነው የሞተው። እናቷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። ያሳደገቻት የእናቷ እህት ከቡልቡላ ወጥታ አታውቅም፤ ስለ አባቷ የምታውቀውም ከሰው የሰማችውን ብቻ ነው። እሱንም ደጋግማ ነግራታለች፤ አባትሽ አንቺን ሳያይሽ ነው የሞተው እያለች። ሶረቲ የቆቃ ሰዎችን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስታይ ምናልባት ብላ በጠዋት ተነሳች።

"አንድ ጊዜ መልኩን ልየው፣ አባባ" አለችኝ። "ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሃዊን ጠርቼ አብረን ፈለግን። ገርባ የሚባል ሦስት ሰው አገኘን። አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የደራ ሰው ነው። ሶረቲ አመስግና ቦርሳዋን አነሳች። እኔም የጣልኩት ሳጥን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ሃዊ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። አንገቷን ደፍታ፣ "አባዬ፣ ልትቆጣ ነው" አለችኝ። ያልተወሰዱትንም እኔ ቸርች በሄድኩባቸው ቀናት አንድ በአንድ ስካን አድርጋቸው ኖሯል። ነገር ግን ለማንም አላሳየችም። ክላውዱ ላይ ለብቻቸው ዘግታ፣ ከእሷ በቀር ማንም እንዳይከፍታቸው አድርጋ ነው ያስቀመጠቻቸው።

"እንዳትነኪው ስትለኝ አልታዘዝኩህም" አለችኝ። "ለሰው የሚታዩት ግን አንተ ስትፈቅድ ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤት እስኪሰማ እጮህ ነበር። አሁን ግን ክፈቺው ስላት ድምፄ ለእኔም በቅጡ አልተሰማኝም።

ስሙን ጻፈች። አንድ ፎቶ መጣ። ወጣት ነው። የጥቁሩ ኮቴ እጅጌ አጥሮበታል። አትሳቅ ብዬው እንደሆነ አላውቅም፣ ፈገግ ብሏል። ክንዱ ላይ ሕፃን ታቅፏል። ሕፃኗ የምታየው ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ እናቷ እዚያ ቆማ ይሆናል። ሃዊ ፖስታውንም አስገብታው ነበር። የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው፦ "ገርባ ቱሉ ከልጁ ከሶረቲ ጋር፣ ቆቃ። ማክሰኞ ነሐሴ 12 ቀን 1979። ሁለት ቅጂ። ቅዳሜ ይወስዳል።"

ሶረቲ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ጣቷን ቀኑ ላይ አሳርፋ፣ "ሐሙስ ነው የሞተው" አለች። "ነሐሴ አሥራ አራት። አክስቴ ቀኑን አትረሳውም።"

ይህን ሁሉ ዓመት ቂም የያዝኩበት ሰው ንቆኝ አልነበረም የቀረው። በጣም አፈርኩ። ሃዊን የቀሩትንም ሁሉ ለየአገራቸው ሰው ክፈቺላቸው አልኳት፤ ስለጣልኩት ሳጥንም ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም እንደ ልማዷ ዝም ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ሶረቲ እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት። ገለቶማ፣ ገለቶማ አባባ እያለች በኦሮምኛ ታመሰግነኛለች። እኔማ ጥዬው ነበር፣ ያቆየችልሽ ልጄ ናት፣ እሷን አመስግኚ አልኳት። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔም ዞር ብዬ የማላለቅስ መሰልኩ። ሃዊ ፎቶውን ስልኳ ላይ ስትልክላት፣ ሶረቲ እዚያው ቆማ ለአክስቷ ደወለች። በኦሮምኛ ነው የምታወራው፤ እኔም ቋንቋውን እሰማለሁ።

"አይቶኛል" አለቻት። "አክስቴ፣ አይቶኛል። አቅፎኛል።"

አክስትየዋ የምትለው አይሰማኝም። ሶረቲ ግን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አዎ እኔን ነው፣ አዎ እኔን ነው ትላት ነበር።