ለጥጋቡ ጀርባ የሰጠን ዕለት

ጥጋቡ ከዳሞት ደጋ፣ ከፈረስ ቤት የመጣው በአይሱዙ፣ በድንች ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። ዝናብ ሲመታው ስለዋለ ፍኖተ ሰላም ላይ ሲወርድ ከውሻ ይልቅ የራሰ ደበሎ ይመስል ነበር። ጌታው ጋሽ ገነነ ሆዳቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ከጋቢናው ወረዱ። በማግስቱ ለቀዶ ጥገና ወደ ባሕር ዳር ሊያልፉ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ከብቶቻቸውን ለጎረቤት ሰጥተው መጥተዋል፤ ውሻውን ግን ከእኅታቸው ከእትዬ ደስታነሽ በቀር ለማንም አላመኑትም።

«አደራ ደስታነሽ» አሉ ሲሰናበቱ። «እሱ የማይጠብቀኝ ቤት አልገባም።»

«ምን ማለትዎ ነው ወንድምዓለም፤ እኔ የምበላውን ይበላል።»

እኔ ይህን የሰማሁት ከደጃፌ ሆኜ ነው። በእትዬ ደስታነሽ ግቢ በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ሬድዮ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ የታመመ ሬድዮ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ ዝም ብል የት ጋ እንደሚያመው ቀስ እያለ ይነግረኛል።

ጥጋቡ በመጀመሪያው ቀን አልበላም። በሁለተኛውም። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር የቀረበለት እንጀራ በሽሮ ነው፤ እትዬ ደስታነሽም ጥፋቱን በጾሙ ላይ አላከኩት።

«የደጋ ውሻ ነው፤ ወተት ለምዶ ይሆናል» አሉ። ወተት ቀረበ። አሸተተውና አንገቱን ደፋ።

ገበያ መሐል ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታችን ሳቢሃ ወሬውን ሰምታ በሦስተኛው ቀን አጥንት በመረቅ ይዛ መጣች።

«የእናንተ ቤት ጾም ነው፤ የእኛ ድስት ሥራ አልፈታም» አለች። ጥጋቡ ከአጥንቱ ሸሽቶ ግቢው ጥግ ካለው የማገዶ ክምር ሥር ገባ።

«ስሙን ማን ብላችሁኝ ነበር?»

«ጥጋቡ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ታስቸግሩታላችሁ፤ ጠግቦ ነዋ።»

የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ክንዱ ደግሞ ስልኩን እየነካካ ገባ። «ጋሼ ተስፋው፣ ዲፕረስድ ሆኖ ነው። ዶሮ በሩዝ ስጡት ይላል እዚህ ላይ።»

«በፍልሰታ?» አሉ እትዬ ደስታነሽ።

«እኔ አላልኩም፤ ስልኩ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ስልክህን ንስሐ አስገባው።»

እኛ ዘንድ እንግዳ አልበላም ሲል ዝም አይባልም፤ እምቢታው ሲጠና ልመናውም ይጠናል። እትዬ ደስታነሽ ዱካ ወንበራቸውን ይዘው ማገዶው ፊት ይቀመጣሉ። ጉርሻውን ጠቅልለው እስከ አፍንጫው ያደርሱታል።

«በሞቴ። አንዲት ብቻ። በወንድሜ ሞት ይዤሃለሁ።»

ሳቢሃ በአንድ በኩል፣ ክንዱ በሌላው በኩል ቁጢጥ ብለው አፍ አፉን ያዩታል። ጥጋቡ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያንከራትታል፤ ጆሮውን ያጥፋል፤ የገዛ አፍንጫውን ልሶ ፊቱን ያዞራል። እኔም ከሰው አልተለየሁም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለት ጠቅልዬ ለምኜዋለሁ።

ጋሽ ገነነ በየማታው ይደውላሉ። ስለ ሆዳቸው ሳያወሩ በፊት ይጠይቃሉ።

«በላ?»

«በላ።»

«ምን በላ?»

«የሰጠሁትን።»

ስልኩን ሲዘጉ እትዬ ደስታነሽ «ማረኝ» ይላሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ይሰማኛል። ሰኞ ማታ፣ በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ተስፋው፣ በሱባኤ በየማታው እዋሻለሁ።»

«እውነቱን ቢነግሯቸውስ?»

«ቀዶው ሐሙስ ነው። ካወቁ አልጋውን ጥለው ይመጣሉ፤ የወንድሜን ጠባይ አውቃለሁ። ካልነገርኳቸው ደግሞ ድነው ሲመጡ የማስረክባቸው የውሻውን ገመድ ነው።»

እስኪበቃቸው ሰማኋቸው፤ ሲሄዱም ስለ ሁለቱም፣ ስለ ሰውየውም ስለ ውሻውም፣ ጸለይኩ። ስለ ውሻ መጸለይ ወጉ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፈጣሪው አንድ ነው ብዬ ነው።

ማክሰኞ ከቅዳሴ ስመለስ ግቢው ጭር ብሏል። እትዬ ደስታነሽ ስብከቱን ለመስማት ቤተ ክርስቲያን ቀርተዋል፤ ሳቢሃ ሱቋ ነች። ተራው የእኔ ስለነበር የሽሮ ፍትፍቱን በገበቴ አድርጌ ማገዶው ፊት አኖርኩለት፤ ልለምነው ጎንበስ ስል የሠርክ ጸሎቴ ሰዓት መድረሱ ታወሰኝ።

«ቆየኝ፤ መጣሁ» ብዬው ደረጃዬ ላይ ወጣሁና ፊቴን ወደ ምሥራቅ መለስኩ። የእኔ ምሥራቅ የሳቢሃ የቆርቆሮ አጥር ነው። ማገዶው ከጀርባዬ ቀረ።

ዳዊቴን ገና ግማሽ ሳላደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እርጥብ ነው፤ ይቸኩላል። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ገበቴው በድንጋዩ ላይ ተንፏቀቀ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ከዚያ ወዲያ ያነበብኩትን መስመር አላስታውሰውም። አንገቴን ትንሽ ዘንበል ሳደርግ ድምፁ ቀጥ አለ። ወደ መጽሐፌ ስመለስ ቀጠለ። እንደገና ዘንበል አልኩ፤ እንደገና ቆመ።

የከበደው ዓይናችን ነበር። አራት ቀን ሙሉ ፊቱን ከበን፣ በሞት እያስማልን፣ ያን ምስኪን ጾመኛ አድርገነዋል። እንዲጨርስ ብዬ አንድ መዝሙር ጨመርኩለት። ስዞር ገበቴው ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል፤ ጥጋቡ ማገዶው ሥር ገብቶ እንዳልነበረ ሆኗል።

ማታ ለሦስቱም ነገርኳቸው። የእትዬ ደስታነሽ ፊት ጠቆረ።

«ለሚበላ ጀርባ? በእኔ ቤት?»

«ውሻ እኮ ነው እትዬ» አለ ክንዱ።

«የወንድሜ ነው። ከዳሞት ድረስ መጥቶ ጀርባ ሰጥታ አበላችው ቢባል የት እገባለሁ?»

«ማን ይላል? እሱ እንደሆነ አይናገር» አለች ሳቢሃ።

አሁን ደግሞ የሚለመኑት እሳቸው ሆኑ። እኔ ግን ከውሻው ተምሬያለሁ። አልለመንኳቸውም፤ ሬድዮዬ ላይ አቀርቅሬ ብሎኔን መፍታት ጀመርኩ። ሁለተኛው ብሎን ሳይወጣ ተሸነፉ።

«እሺ። ነገ አንድ ቀን ብቻ።»

ረቡዕ ማታ ገበቴው ተቀመጠ። አራታችን ደረጃዬ ላይ ተሰልፈን ፊታችንን ወደ ሳቢሃ አጥር አዞርን።

«ቤቴን እንዲህ በሰልፍ የሚያየው ሰው አገኘሁ» አለች ሳቢሃ ሹክ ብላ።

«ዝም» አሉ እትዬ ደስታነሽ። ወዲያው ራሳቸው ከልማድ «በሞ…» ብለው ጀመሩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከቤቴ ክዳን ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ብዙ ቆየን። የክንዱ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከኋላችን ጠፍ፣ ጠፍ መጣ።

በዚህ መካከል የእትዬ ደስታነሽ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ከኋላችን ቆመ። እሳቸው ሳይዞሩ ስልኩን ከጉያቸው አወጡ።

«በላ?» አሉ ጋሽ ገነነ። ከጸጥታው የተነሣ ሁላችንም ሰማን።

«በላ» ለማለት የእትዬ ደስታነሽ ከንፈር ሲላቀቅ አየሁ፤ መልሰው ገጠሙት።

«ደስታነሽ፣ ምነው ዝም አልሽ? ምን ሆነ?»

ጠፍ አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ እንደ ትናንቱ በጥድፊያ። እትዬ ደስታነሽ ፊታቸውን አጥሩ ላይ እንደተከሉ ስልኩን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ዘረጉት።

«ይስሙት» አሉ።

ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ወጣ፤ ሳቁን ማቃሰት ተከተለው። «አታስቂኝ፣ ሆዴን።»

«አልሸሽግዎትም ወንድምዓለም። እስከ ትናንት እህል አልቀመሰም ነበር። ስዋሽዎት ነው የሰነበትኩ።»

«ከበባችሁት ይሆናል። እኔ ደፍቼለት ወደ ከብቶቼ ነው የምሄድ፤ ሲበላ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ይህን አስቀድመው አይነግሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? በላ ስልሽ በላ ትይኛለሽ።»

እትዬ ደስታነሽ እንባና ሳቅ ተደባለቀባቸው። «ይማሩኝ» አሉ። «እግዜር ይማርሽ» አሉ ጋሽ ገነነ። «ነገ አልጋው ላይ ያን ድምፅ እያሰብኩ እተኛለሁ።»

ቀዶው በሰላም አለፈ። ጋሽ ገነነ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት መጡ፤ ከስተዋል፤ ከባጃጁ ያወረዳቸው ክንዱ ነው። ጥጋቡ ከማገዶው ሥር እንደ ጥይት ወጥቶ እግራቸው ሥር ተንከባለለ፤ ሆዳቸው ላይ እንዳይዘል እኔ አንገቱን ያዝኩት፣ እሳቸው ደግሞ ጆሮውን አሹለት። የጎድን አጥንቱ አይታይም።

እትዬ ደስታነሽ ቤት አስገብተው በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አስቀመጧቸውና የዶሮ አልጫ ፍትፍት አቀረቡላቸው። ጋሽ ገነነ አንድ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ወዲያው ልመናው ተነሣ። ሳቢሃ «አላህ ይወድልዎታል፤ ትንሽ»፤ ክንዱ «ጋሼ፣ ፕሮቲን ነው እኮ»፤ እትዬ ደስታነሽ «በሞቴ»። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ሰውየው ዓይናቸውን ከአንዳችን ወደ ሌላችን አንከራተቱ። ከንፈራቸውን ላሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እትዬ ደስታነሽ ይህን አይተው በያዙት ጉርሻ ቀጥ አሉ። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱት።

«ተነሡ» አሉን። «ሁላችሁም። ወደ ምሥራቅ።»

ጥጋቡን ከነገበቴው ከጌታው አልጋ ሥር ትተን በሩ ላይ ተሰለፍን። ሳቢሃ አጥሯን እያየች አፏን በሻሿ ያዘች። ከኋላችን በመጀመሪያ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ አለ። ከዚያ ጠፍ፣ ጠፍ። ከዚያ ሳህኑ ላይ ጣት ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ እንደ ውሻው መቸኮል የለበትም፣ ግን አይቋረጥም።

«ደስታነሽ» አሉ ጋሽ ገነነ፣ አፋቸው ሞልቶ። «ጨው አንሶታል።»

እትዬ ደስታነሽ ጨዉን ከበሩ ጎን ካለው መደርደሪያ አነሡና ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ሳልዞር እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ አቀበልኳቸው።