በፈረሱ ቤት

ሰው ሁሉ «ቻቻ»፣ አጎት፣ የሚላቸው አዛውንቱ ሞፋዛል ቻቻ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል። የቀኙን መዳፍ አገጫቸው ሥር አድርገው፣ ከፊታቸው የተዘረጋውን የእንጨት ሰሌዳ ያያሉ። ከሰሌዳው ጎን ያለው ኮምፒውተር አርባ ስምንት ሰከንድ ቀርቷቸዋል ይላል። አርባ ሰባት። ሸርሚን ማውሱን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። የሐምሌ ዝናብ የቤተ መጻሕፍቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድባል።

«ቻቻ፣ ይሄ የወንዝ መርከብ አይደለም! መልሕቅ ጥለው አይተኙበት!» አለ ፋርማሲስቱ ጁባይር ከኋላ።

«አንተ ተሸንፈህ ጨርሰሃል፤ እኔን ተወኝ» አሉ ቻቻ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ሳቅ ሆነ። ከጀርባቸው ሃያ የሚሆን ሰው ተደራርቦ ቆሟል። ሸርሚን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ የከተማቸው የባሪሳል ቼዝ ክበብ ማለት ቻቻና ጁባይር ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን አካሄድ ከመልመዱ የተነሳ ጨዋታውን ግማሽ ላይ ትተው ሻይ ሊጠጡ ይሄዱ ነበር። በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምረው ሸርሚን፣ በሰው ፊት ለመናገር የምታፍረው ሸርሚን፣ አንድ ቀን ማንንም ሳታማክር በኢንተርኔት ለሚጋጠሙ የሩቅ አገር ክበቦች ውድድር ደብዳቤ ጻፈች። መልስ ሲመጣ ከተማው ነቃ። ቼዝ ረስተናል ያሉ ሰዎች አቧራ የጠጣ ሰሌዳቸውን ይዘው መጡ።

ዛሬ ተጋጣሚያቸው በአይስላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለ የዓሣ አጥማጆች ክበብ ነው። ከአራቱ ጨዋታ ሦስቱ አልቀዋል፤ አንድ ተኩል ለአንድ ተኩል። የሚቀረው የቻቻ ነው።

በሩ አጠገብ የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ኦሂዱል ሳሄብ ቆመዋል። የክፍሉ ቁልፍ ጣታቸው ላይ ይሽከረከራል። ቃላቸው አጭር ነበር፤ ክበቡ ወደ ሁለተኛው ዙር ካለፈ ክፍሉ የክበቡ ነው፤ ካላለፈ ከነገ ጀምሮ የአሮጌ ጋዜጣ ማከማቻ ይሆናል።

ሠላሳ አንድ ሰከንድ።

ቻቻ ዓይናቸውን በቅርብ ስለታከሙ አዘጋጆቹ አንድ ነገር ፈቅደውላቸዋል፦ እሳቸው ይናገራሉ፣ ሸርሚን ጠቅ ታደርጋለች። ከአፏ ግን አንዲት ቃል መውጣት የለባትም። ካሜራው ሁለቱንም ያያል።

«ወታደሩ ወደፊት» አሉ ቻቻ።

ወታደሩ የመጨረሻው ቤት ደረሰ። በስክሪኑ ላይ አራት ምስሎች ብቅ አሉ፤ በሌላ አገር ንግሥት የሚባለው ሚኒስትር፣ ግንብ የሚባለው ጀልባ፣ ዝሆን፣ ፈረስ። የሸርሚን ጣት ሳታዝዘው ወደ ሚኒስትሩ ሄደ። ከሚኒስትር የሚበልጥ ኃይል ሰሌዳው ላይ የለም፤ ሌላ የሚመርጥ ማን አለ?

«ፈረስ» አሉ ቻቻ።

ጣቷ ቆመ።

ቤቱን አየችው። ከጥጉ ሁለተኛው ነው፤ ጨዋታ ሲጀመር ፈረስ የሚቆምበት። ቻቻ ጨዋታውን የተማሩት በልጅነታቸው፣ መርከብ ላይ፣ ከአባታቸው ነው። በዚያ በድሮው የአገር ቤት ሕግ ወታደር የሚለወጠው የደረሰበት ቤት ባለቤት ወደሆነው ነው፤ በጀልባ ቤት ከደረሰ ጀልባ፣ በዝሆን ቤት ከደረሰ ዝሆን። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቻቻ፣ አሁን የፈለጉትን መምረጥ ይችላሉ» ስትላቸው ነበር የከረመችው። ባለፈው ማክሰኞ እንኳ ልምምድ ላይ ጥጉ ጋ ደርሰው «ጀልባ» ብለው፣ ጁባይር ሆዱን ይዞ ስቆባቸዋል።

አሥራ ዘጠኝ።

«ፈረስ?» ብላ ብትጠይቅ ብቻ ይበቃቸዋል። አንዲት ቃል ናት። ግን ያቺ ቃል የእሳቸው አትሆንም። ድሉም የእሳቸው አይሆንም።

«አፓ፣ እህቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ጁባይር ጮኸ። «ሚኒስትሩን ጠቅ አድርጊያ!»

«ዝም በል!» አሉ ኦሂዱል ሳሄብ ከበሩ። ቁልፉ መሽከርከሩን አቁሟል።

አሥራ አንድ። ሸርሚን ፈረሱን ጠቅ አደረገች።

ስክሪኑ ላይ ቀይ ጺም ያለው አይስላንዳዊ ወደ ካሜራው ተጠጋ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ያኔ ነው ሸርሚን ያየችው። አዲሱ ፈረስ ንጉሡን ቼክ ብሎታል፤ በዚያው እርምጃ የተጋጣሚው ሚኒስትርም እግሩ ሥር ነው። ቻቻ ሚኒስትር መርጠው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያ ሰው በአንድ እርምጃ ጨርሷቸው ነበር።

ሰውዬው ጺሙን አሸ፤ ሳቀ። ከዚያ እጁን ወደ ካሜራው ዘረጋ። በስክሪኑ ላይ ተጋጣሚው ተሸንፌያለሁ ማለቱ ተጻፈ።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጁባይር ወንበር ላይ ወጣ። አንድ ሰው ሻይ ደፋ። ቻቻ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የአይስላንዱን ሰው መዳፍ መስታወቱ ላይ ነኩት፤ ጥቂት አቆዩት።

ኦሂዱል ሳሄብ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው መጡና ወንበር ሳቡ። «ቀጣዩ መቼ ነው?» አሉ። ቁልፉ ኪሳቸው ይግባ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ ማንም አላስተዋለም።

ሸርሚን ወደ ቻቻ ጆሮ ጎንበስ አለች። አሁን መናገር ተፈቅዶላታል።

«ቻቻ፣ በፈረሱ ቤት ስለደረሰ ነው? ወይስ አይተውት ነበር?»

«አንቺስ ልጄ» አሉ፣ ሳያዩአት፣ «ለምን ቆየሽ?»

ፊቷ ጋለ።

ቻቻ ግራ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንስተው፣ ከጨዋታው መሐል ጀምሮ የጨበጡትን ጡጫ ቀስ ብለው ፈቱት። መዳፋቸው ላይ፣ በላብ ርሶ፣ ለወታደሩ ምትክ ያዘጋጁት የእንጨቱ ሚኒስትር ነበረ።