ከላይ ሲያዩት ስንዝር የሆነ ካብ

አዋጁ ደምበጫ ላይ በገበያ ቀን ተነገረ። ከመኪናው መንገድ ጥይት በሚደርስበት ርቀት ያለ፣ ከጉልበት በላይ የቆመ የድንጋይ ካብ ሁሉ ይፍረስ፤ ሽፍታ እየተከለለ ይተኩስበታል ተባለ። ጣሊያኖቹ ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። ይህ የሆነው ጣሊያን ማርቆስ በገባ በሁለት ዓመቱ፣ ግንቦት ላይ ነበር።

ወይዘሮ አሰገደች አዋጁን ሰምታ ስትመለስ ከቤቷ በፊት የሄደችው ወደ ማሳዋ ነው። ባሏ የሞተባት፣ በዚያች በአንዲት ማሳ የምትኖር ሴት ናት። ማሳው ከመኪናው መንገድ ሥር ይጀምርና ቁልቁል ወርዶ ካቡ ጋ ያበቃል። ከካቡ በታች ደግሞ የጭቃ ሹሙ የአለበል ጓሮ አለ፤ ጌሾው፣ ጎመኑ፣ የንብ ቀፎዎቹ።

ካቡን የካበው አያቷ ነው። ያኔ ቦታው ዝናብ አጥቦ ያገጠጠው ተረተር ነበር። ሰው ሁሉ «ለከብት ነው? ለድንበር ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሽማግሌው «ቆዩና ታያላችሁ» ይል ነበር አሉ። ጭቃ የሚባል አላስነካውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ውሃው በቀዳዳው ሾልኮ ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። በየክረምቱ ከላይ የሚወርደው አፈር ከካቡ ጀርባ እየተኛ፣ እየተኛ፣ ኋላ ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ ወጣው። ስለዚህ ማሳው ላይ ለቆመ ሰው ካቡ ስንዝር ነው። አለበል ጓሮ ለቆመ ግን ከሰው ቁመት ይበልጣል።

ካቡ ከፈረሰ ማሳው በአንድ ክረምት ተጠራርጎ እንደሚሄድ አሰገደች ታውቃለች። አለበልም ያውቃል። እንዲያውም እሱ ይብሳል፤ ያ ጥቁር አፈር ሲሄድ የሚያርፈው እሱ ጓሮ ነዋ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዝናብ ባባራ ቁጥር ካቡን ቀና ብሎ ሲያየው፣ የጎረቤት ድግስ ሸትቶት ያልተጠራ ሰው ይመስል ነበር እንጂ።

የጣሊያኑ መኮንን ከአስተርጓሚውና ከወታደሮቹ ጋር የመጣ ቀን፣ አሰገደች ቀድማ መንገዱ ላይ ጠበቀቻቸው። አለበልም በሹመቱ አብሯቸው ነበር።

«ይኸው ጌታዬ» አለች ከላይ ሆና እየጠቆመች፤ «እኔ ዘንድ ካብ የሚባል የለም። ያቺ ስንዝር የምታክል ድንጋይ ናት፤ ዶሮ እንኳ አትከልል።»

መኮንኑ አይቶ ሊያልፍ ነበር። አለበል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደክሟችኋል፤ ቤቴ እዚህ ታች ነው። ጠላ አለ፣ ጎራ በሉ።»

ወረዱ። አለበል በርጩማውን ሁሉ ወደ ጓሮ አስወጥቶ፣ ፊታቸውን ወደ ካቡ አዙሮ አስቀመጣቸው።

«አያ አለበል፣ ጥላው እኮ በዚያኛው በኩል ነው» አለች አሰገደች።

«እዚህ ነፋስ አለ፣ እቴ።»

መኮንኑ ጣሳውን ሊጨልጥ ቀና ሲል አየው። ተነስቶ ካቡ ሥር ቆመ፤ ቆቡ እንኳ ጫፉ ላይ አልደረሰም። ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው አሳጠረው፦

«ይፍረስ ብሏል። ባለቤቷ ራሷ ታፍርሰው፤ አሁኑኑ፣ እሱ እያየ።»

አሰገደች አለበልን አየችው። አለበል ጣሳውን አየ።

«እሺ። ታዝዣለሁ» አለች።

ዞራ ወደ ማሳዋ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሸረጠች። አያቷ ያስቀመጠውን የጫፉን ድንጋይ ፈንቅላ ለቀቀችው። ወርዶ ጌሾው መሃል ገባ። ሁለተኛው ጎመኑን አስተኝቶ አለፈ። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ነበር፤ እየተገለባበጠ ሄዶ የቀፎዎቹን መደብ ታክኮ ቆመ። ቀፎዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ወታደሮቹ ጣሳቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ።

«ኧረ እቴ! ወዴት ነው የምትለቂው?» ጮኸ አለበል።

«ታዲያ ሽቅብ ልወርውረው?»

«ወደ ማሳሽ ሳቢው!»

«ማሳዬ ላይ ብከምረው ከጉልበት ሊበልጥ ነው። አዋጅ አፍርሺ ነው የምትለኝ?» አለችና አራተኛውን ያዘች። «ገና ምኑ ተነካ? አያቴ ትልልቁን ከሥር ነው ያደረገው። እሱ ደግሞ አፈሩን ይዞ ነው የሚመጣው።»

አለበል የካቡን ሥር አየ። በሬ በሬ የሚያካክሉ ድንጋዮች ጓሮው ላይ አፍጥጠዋል። ስንት ክረምት ሲመኝ የኖረው አፈሩን ብቻ ነበር፤ ድንጋዩም አብሮ እንደሚመጣ ያኔ ገና የታየው ይመስለኛል። ወደ አስተርጓሚው ዞረ።

«ንገርልኝ፣ ወንድሜ። ይሄ የሰው መከለያ አይደለም በልልኝ። የተካበው አፈር ሊይዝ ነው። የሚለካው ከላይ ነው።»

«እዚህ ታች ያመጣኸን አንተ አይደለህም?»

«ለነፋሱ ነዋ!»

መኮንኑ ንቦቹን አየ፤ እዚያ መቀመጥ ብዙም አላማረውም። ወደ ማሳው ወጣና እግሩን ካቡ ጫፍ ላይ አስደግፎ ለካው። ከቁርጭምጭሚቱ እምብዛም አላለፈም። ትንሽ አሰበና ተናገረ።

«ይቁም ብሏል» አለ አስተርጓሚው። «ነገር ግን ከካቡ ሥር አንዲት ጥይት ብትተኮስ የሚጠየቅ ዋስ ይጠራ። የታችኛው ቦታ የማን ነው?»

«የአያ አለበል ነው» አለች አሰገደች ከላይ። ድምፅዋ ከቀፎው የተቆረጠ ማር ይመስል ነበር።

ዋስ ሆነ፤ ምን ያድርግ። ድንጋዮቹንም ተሸክሞ የመለሳቸው እሱ ነው። «ሆዱን ወደ ውስጥ አድርገው» ትለዋለች። «አውቃለሁ» ይላል፣ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ መልሳ ታስነሳዋለች። ሐምሌ ላይ ጤፏን ዘራች።

ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ግን የአለበልን እንቅልፍ አትጠይቁ። ጠመንጃ ያነገተ ሰው በጓሮው ባለፈ ቁጥር እየሮጠ ይወጣና፣ «ስለ ማርያም፣ ወንድሜ፣ ከዚህ አትተኩስ! ና፣ የተሻለ ቦታ ላሳይህ» እያለ ማዶ ካለው ገደል አፋፍ ድረስ ይሸኘው ነበር። አርበኞቹም ቦታው እውነትም የተሻለ ሆኖ አገኙት።